የአከርካሪ ውስጥ ፈሳሽን በኮምፒውተር ማስላት፦ የቱ ሞዴል ለየትኛው ጥያቄ?

የአከርካሪ ቦይ ከታች ዝግ ነው። ይህችን ነገር ከሁሉ በፊት ያዙልኝ። ሞዴል ስትመርጡ ብዙው ነገር የሚወሰነው በእሷ ነው።

ልብ በመታ ቁጥር ደም ወደ ጭንቅላት ይገባል። የራስ ቅል ደግሞ አጥንት ነው፤ አይለጠጥም። ስለዚህ ለገባው ደም ቦታ የሚለቅ ነገር ያስፈልጋል። በአብዛኛው ቦታ የሚለቀው አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን የከበበው ፈሳሽ ነው፤ ሐኪሞች ሲኤስኤፍ ይሉታል። በአንገት በኩል ወደ ታች ይገፋል፣ ደሙ ሲወጣ እሱም ይመለሳል። የዚህን ሐሳብ መሠረት የጣሉት አሌክሳንደር ሞንሮ በ1783 እና ጆርጅ ኬሊ በ1824 ናቸው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬም ሞዴል የሚሠራ ሰው የሚነሳው ከዚያው ነው።

በአንድ የልብ ምት አንገት ላይ ወርዶ የሚመለሰው መጠን ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ከአሥር እስከ ሃያ ጠብታ ቢሆን ነው። ታዲያ ቦዩ ከታች ዝግ ከሆነ ይህ ፈሳሽ የት ይገባል? ዱራ የሚባለው ውጫዊ ሽፋን ትንሽ ይለጠጣል። በዱራውና በአጥንቱ መካከል ስብና ደም መላሽ ሥሮች አሉ፤ ሥሮቹ ተጨምቀው ቦታ ይለቃሉ። ስለዚህ ፍሰቱ ከላይ ብዙ ነው፣ ወደ ታች እየወረደ ሲሄድ እያነሰ ይመጣል፣ መጨረሻው ላይ ዜሮ ይሆናል።

ብዙ ጊዜ የሚነሳው ጥያቄ "ኦፕንፎም ይሻላል ወይስ አንሲስ?" የሚል ነው፤ ሁለቱም የፈሳሽ ፍሰት የሚያሰሉ ሶፍትዌሮች ናቸው። እኔ ይህን ጥያቄ መጨረሻ ላይ ነው የማስቀምጠው። መጀመሪያ የሚጠየቀው ሌላ ነው። ምን ማወቅ ነው የፈለጋችሁት? ግፊት ነው? ፍጥነት ነው? መድኃኒት የት እንደሚደርስ ነው? ወይስ ህብለ ሰረሰሩ ውስጥ ለምን ውሃ እንደሚቋጠር? ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሚስማማው ሞዴል ይለያያል።

ኮምፒውተሩን ከመክፈታችሁ በፊት

እስክሪብቶና ወረቀት አምጡ። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ስሌት የሳምንታት ልፋት ያድናል፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው።

ፈሳሹ ከውሃ ብዙም አይለይም። በ37 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቪስኮሲቲው (ዝልግልግነቱ) ለዴንሲቲው (እፍጋቱ) ሲካፈል 0.7 ካሬ ሚሊ ሜትር በሰከንድ አካባቢ ይሆናል። ልብ በደቂቃ 70 ጊዜ የሚመታ ከሆነ፣ የግድግዳው መጎተት የሚሰማበት ስስ ንብርብር ውፍረቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በህብለ ሰረሰሩና በዱራው መካከል ያለው ክፍተት ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ መሀል ላይ ያለው ፈሳሽ አንድ ላይ፣ እንደ ቡሽ፣ ወዲያና ወዲህ ይላል። በቧንቧ ውስጥ የምናውቀው የፓራቦላ ቅርጽ እዚህ አይሠራም። መግቢያው ላይ ፓራቦላ የሚጭን ሰው ሞዴሉን ገና ከበሩ አበላሸው ማለት ነው።

ቀጥሎ ሬይኖልድስ ቁጥር፤ ፍሰቱ ረጋ ያለ ነው ወይስ የታወከ የሚለውን የሚጠቁም ቁጥር ነው። ጤነኛ ሰው አንገት ውስጥ ከፍተኛው ፍጥነት በሰከንድ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው። ስታሰሉት ጥቂት መቶ ታገኛላችሁ። ይህ ላሚናር፣ ማለትም ረጋ ያለ ፍሰት ነው። ሶፍትዌሩ በራሱ የሚያቀርብላችሁን የተርቡለንስ (የታወከ ፍሰት) ሞዴል ዝጉት። ልዩ የሚሆነው መንገዱ በጣም ሲጠብ ነው፤ ለምሳሌ ኪያሪ በሚባለው ችግር የትንሹ አንጎል የታችኛው ጫፍ በራስ ቅል ቀዳዳ በኩል ወርዶ መንገዱን ሲያጣብብ። እዚያ አንዳንድ ሲሙሌሽኖች ፍሰቱ መረበሽ ሲጀምር አሳይተዋል። መፍትሔው ግን ያው የተርቡለንስ ሞዴል አይደለም፤ ሜሹን (ቅርጹ ለስሌት የሚከፋፈልበትን የትንንሽ ክፍሎች መረብ) ማድቀቅና የጊዜ እርምጃውን ማሳጠር ነው።

ሦስተኛው ግፊት ነው። ፍጥነቱ እስከ 3 ሴንቲ ሜትር በሰከንድ ወዲያና ወዲህ የሚል ከሆነ፣ ፈሳሹን ለማፋጠን ብቻ በ10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት 22 ፓስካል ገደማ ይጠይቃል። ይህ የአንድ ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ስድስተኛ ነው። በጎኑ የተኛ ሰው ወገብ ላይ የሚለካው ግፊት 10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ መሆኑን ስታስቡ፣ ከላይ እስከ ታች ያለው የግፊት ልዩነት ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ይገባችኋል። በኋላ የ3ዲ ሞዴላችሁ የዚህን አሥር እጥፍ ከሰጣችሁ ስህተት ፈልጉ።

ቀላሎቹ ሞዴሎች

በጣም ቀላሉ ቦታን ጨርሶ የማያውቅ ሞዴል ነው። ጭንቅላቱን እንደ አንድ ከረጢት፣ አከርካሪውን እንደ ሌላ ከረጢት ይወስዳል። እያንዳንዱ የመለጠጥ አቅም አለው፣ በመካከላቸው መቋቋም አለ። በላፕቶፕ በሰከንዶች ያልቃል። ሰውየው ከተኛበት ሲነሳ ፈሳሹ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ ከውጭ ፈሳሽ ሲጨመር ግፊቱ እንዴት እንደሚወጣ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ የለም። ሰዎች "ቀላል ነው" ብለው ይንቁታል፤ እኔ ግን ከሱ ነው የምጀምረው። አንድ ነገር ብቻ አትጠብቁበት፤ ህብለ ሰረሰሩ የቱ ጋ ምን እንደሚሆን አይነግራችሁም።

ባለ አንድ ዳይሜንሽኑ ቦዩን በርዝመቱ ብቻ ያያል። የሚለጠጥ ቱቦ ውስጥ ሌላ የሚለጠጥ ቱቦ አለ ብላችሁ አስቡት። የግፊት ሞገዱ በሰከንድ ጥቂት ሜትር ይጓዛል። ቦዩ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ሞገዱ በሰከንድ 4 ሜትር ከሄደ፣ ከላይ እስከ ታች 0.15 ሰከንድ ይፈጅበታል። ስለ ሞገድ፣ ስለ መዘግየት፣ ስለ ሳልና ማስነጠስ የሚጠይቅ ሰው ይህን ይምረጥ።

ግን ይህ ሞዴል ሲያሳምን እንዴት እንደሚያሳምን ማወቅ አለባችሁ። ሲሪንጎማይሊያ የሚባል በሽታ አለ፤ ህብለ ሰረሰሩ ውስጥ ውሃ የያዘ ከረጢት ይፈጠራል። በ2003 ተመራማሪዎች በዚህ ዓይነት ሞዴል አንድ መላምት አቀረቡ። ሰው ሲያስል የሚነሳው ሞገድ እየሾለ ሄዶ፣ መሰናክል ላይ ሲደርስ ነጥሮ፣ ግፊቱ ይጎላል፤ ህብለ ሰረሰሩን የሚጎዳው ያ ነው የሚል። ውብ ሐሳብ ነበር። በ2009 ሌሎች ተመራማሪዎች እውነተኛውን መጠን አስገብተው እንደገና ሲያሰሉት ጉልበቱ ደካማ ሆኖ ተገኘ። ይህ የመጀመሪያውን ሥራ አያሳንሰውም፤ ጥያቄውን በቁጥር የሚፈተን ያደረገው እሱ ነው። እናንተ ግን ከባለ አንድ ዳይሜንሽን ሞዴል ያገኛችሁትን "ምክንያቱ ይህ ነው" ብላችሁ ለሐኪም አትስጡ።

3ዲ ከግትር ግድግዳ ጋር

ከኤምአርአይ ምስል ቅርጹን ታወጣላችሁ፣ ሜሽ ትሠራላችሁ፣ የተለካውን ፍሰት ትጭናላችሁ፣ ታሰላላችሁ። ብዙ ሰው የሚያውቀው ይህንን ነው። ለአንገት አካባቢ ጥሩ ነው። የፍጥነቱን ስርጭት፣ የፈሳሹን ጅረት፣ የኪያሪ መጥበብ ምን እንደሚያመጣ በዝርዝር ያሳያል።

ወጥመዱ ያው የመጀመሪያው ነገር ነው። ግድግዳው ግትር ከሆነ ከላይ የገባው ሁሉ በታች መውጣት አለበት። አጭር የአንገት ክፍል ላይ ይህ ብዙም አይጎዳም። ቦዩን በሙሉ እስከ ጭራ አጥንት ሠርታችሁ ታችኛውን ጫፍ ብትከፍቱት ግን በሰው ገላ ውስጥ የሌለ ፍሰት ፈጠራችሁ። ብትዘጉት ደግሞ ምንም አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ግትር ግድግዳ የመረጠ ሰው ከላይኛው የአንገት አጥንት እስከ ሰባተኛው ድረስ ባለው ይወሰን።

ሌላም ነገር አለ። በ2012 የወጣ ጥናት የዚህን ዓይነት ስሌት በ4ዲ ኤምአርአይ (በሦስቱም አቅጣጫና በጊዜ በሚለካው) ከተለካው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ነበር። የተለካው ከፍተኛ ፍጥነት ከተሰላው በለጠ። ከተጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ ቅርጹ በጣም ልሙጥ መሆኑ ነው። በእውነተኛው ቦይ ውስጥ 31 ጥንድ የነርቭ ሥሮች አሉ፣ ህብለ ሰረሰሩን ከዱራው ጋር የሚያያይዙ ስስ ጅማቶች አሉ። በ2014 እነዚህ ተጨምረው ሲሰላ ከፍተኛው ፍጥነት ጨመረ፣ የፍሰቱ መልክም ተለወጠ።

ታዲያ ሁልጊዜ እንጨምራቸው? አይደለም። ቀጭን የነርቭ ሥር አንድ ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ነው። የኤምአርአዩ አንድ ነጥብ ደግሞ ግማሽ ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ። ስለዚህ ሥሮቹን ከታካሚው ምስል በደንብ ማውጣት ከባድ ነው፤ አብዛኛው ሰው ከአናቶሚ መጽሐፍ ወስዶ በእጅ ይስላቸዋል። "የዚህ ታካሚ ሞዴል" የሚለው ቃል እዚያ ላይ ይላላል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ጥያቄው አንገት ውስጥ ስላለው ግፊት ከሆነ እተዋቸዋለሁ፣ ስለ መድኃኒት መቀላቀል ከሆነ ግድ ነው እጨምራለሁ።

ግድግዳው ሲንቀሳቀስ

እዚህ ሁለት መንገድ አለ፣ ሰዎችም ሁለቱን ያምታታሉ።

አንደኛው እንቅስቃሴውን ማዘዝ ነው። ፍሰቱን በኤምአርአይ ሦስት አራት ቦታ ትለካላችሁ፤ አንገት ላይ፣ ደረት ላይ፣ ወገብ ላይ። በሁለት ቦታዎች መካከል የጠፋው ፈሳሽ እዚያው ግድግዳውን ገፍቶ ገብቷል ማለት ነው። ያንን ያህል ግድግዳውን ታንቀሳቅሱታላችሁ። ስለ ዱራ ጥንካሬ ምንም መገመት አያስፈልግም።

እንቅስቃሴው ምን ያህል እንደሆነ ለማየት እናስላው። 0.7 ሚሊ ሊትር በ60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ላይ ይሰራጭ። የዱራው ዙሪያ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን። የግድግዳው ስፋት 300 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሲካፈል ግድግዳው የሚገፋው 0.02 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የራስ ፀጉር ውፍረት እንኳ አይሞላም! ኤምአርአይ ይህን በቀጥታ ሊያይ አይችልም፤ ፍሰቱን ግን ይለካል። ሙሉውን ቦይ መሥራት ለሚፈልግ ሰው እኔ ያለ ማመንታት የምመክረው ይህንን ነው።

ሁለተኛው የፈሳሽና የጠጣር መስተጋብር ስሌት ነው፤ ኤፍኤስአይ የሚባለው። ፈሳሹ ግድግዳውን ይገፋል፣ ግድግዳው መልሶ ፈሳሹን ይገፋል፣ ሁለቱም አንድ ላይ ይሰላሉ። በሐሳብ ደረጃ ሙሉ ነው። ግን የዱራውን፣ የህብለ ሰረሰሩን፣ ከዱራው ውጭ ያለውን ስብ የመለጠጥ ባሕርይ ማወቅ ይጠይቃል። በጽሑፎች የምታገኟቸው ቁጥሮች በጣም የተራራቁ ናቸው፤ በሕይወት ካለ ሰው የተለካ ደግሞ በጣም ጥቂት ነው። ሌላ ራስ ምታትም አለው። የጠጣሩና የፈሳሹ ዴንሲቲ ተቀራራቢ ስለሆነ፣ ሁለቱን ፕሮግራሞች በየተራ የሚያስኬድ ላላ ያለ አካሄድ ስሌቱን ያፈነዳዋል። ሁለቱን አንድ ላይ የሚፈታ፣ ወይም በእያንዳንዱ የጊዜ እርምጃ እስኪስማሙ ደጋግሞ የሚያመላልስ አሠራር ያስፈልጋል።

ይህንን የምትመርጡት ጥያቄው ራሱ የግድግዳው ከሆነ ብቻ ነው። ለምሳሌ በሲሪንጎማይሊያ ከረጢቱ ሲወጠርና ሲላላ ህብለ ሰረሰሩ ላይ ምን ያህል ጫና ይደርሳል የሚለውን ያለ ኤፍኤስአይ መመለስ አይቻልም። ከዚያም አልፎ ፈሳሹ በህብለ ሰረሰሩ ሥጋ ውስጥ ይሰርጋል ወይ ካላችሁ፣ ሥጋውን እንደ ስፖንጅ የሚያይ ፖሮኢላስቲክ ሞዴል ትጨምራላችሁ።

መድኃኒት ለሚከተል ሰው

ይህ ክፍል ለኔ የልብ ጉዳይ ነው፤ ስሌቱ ከታካሚ አልጋ አጠገብ የሚደርሰው እዚህ ላይ ነውና። ጡንቻን ለሚያዳክመው የነርቭ በሽታ፣ ለስፓይናል መስኩላር አትሮፊ፣ የሚሰጠው መድኃኒት ኑሲነርሰን በአሜሪካ የተፈቀደው በ2016 መጨረሻ ነው። 12 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሆኖ በወገብ በኩል ይወጋል። መድኃኒቱ ከወገብ ተነስቶ ወደ ላይ መድረስ አለበት። በምን ጉልበት?

በስርገት፣ ማለትም ሞለኪውሎቹ በራሳቸው ቀስ በቀስ በመሰራጨት፣ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉድ ነበር። 60 ሴንቲ ሜትርን በራሱ አባዙት፣ ለትንሽ ሞለኪውል የስርገት ቁጥር አካፍሉት፤ ከ20 ዓመት በላይ ይመጣል። ነገር ግን ጆቫኒ ዲ ኪሮ በ1964 እንዳሳየው ወገብ ላይ የተወጋ ጨረራማ ምልክት በሰዓታት ውስጥ ጭንቅላት ይደርሳል። ስለዚህ የሚያጓጉዘው ፍሰቱ ነው። ፈሳሹ ወዲያና ወዲህ ሲል ፍጹም ወደ ነበረበት አይመለስም። በየምቱ ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ያ ትንሽ ፈቀቅታ በሰዓት ከ4,000 በላይ ምቶች ሲደጋገም መንገድ ይሆናል።

እዚህ ላይ ነው ምርጫው የሚከብደው። 3ዲ ሞዴል እያንዳንዱን ምት በመቶዎች የጊዜ እርምጃ ይፈታል። ጥቂት ምቶች ለማስላት ሰዓታት የሚፈጅ ሞዴል ሦስት ሰዓት የሚሆን የመድኃኒት ጉዞ ሲጠየቅ ከ12,000 በላይ ምቶች ያሻዋል። አይሆንም። ከዚህም የከፋው ሌላ ስውር ስህተት አለ። መድኃኒቱ የሚሰርገው የፈሳሹ እንቅስቃሴ ከሚሰርግበት ከሺህ ጊዜ በላይ ቀርፋፋ ሆኖ ነው። ሜሹ ለፍጥነት የሚበቃ ቢሆን እንኳ ለመድኃኒቱ አይበቃም፤ ኮምፒውተሩ ራሱ መድኃኒቱን ያደበዝዘዋል። ውጤቱ "መድኃኒቱ ቶሎ ተሰራጨ" ይላል። የተሰራጨው ግን በሜሹ ነው!

አማራጩ የምቱን አማካይ በሒሳብ ወስዶ፣ በየምቱ የሚቀረውን ዝግተኛ ጉዞ ብቻ መፍታት ነው። ቦዩ ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ሉብሪኬሽን የሚባለው ማቅለያ ይሠራል። ሳንቸዝ፣ ላሼራስና ባልደረቦቻቸው በ2018 ያወጡት ሥራ ይህንን መንገድ ከፍቷል። ሰዓታትን በአጭር ጊዜ ታሰሉበታላችሁ። ሒሳቡ ከበድ ይላል፣ የነርቭ ሥሮችንም በቀላሉ አይቀበልም። በመርፌው ጫፍ አካባቢ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች የሚሆነውን ከፈለጋችሁ 3ዲ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን ሰዓታት ከፈለጋችሁ ይህ።

እዚህ ላይ ትንፋሽንም አትርሱ። በ2015 የወጣ የሪል ታይም ኤምአርአይ ጥናት ሰው አየር ሲስብ ፈሳሹ ወደ ጭንቅላት እንደሚሳብ በግልጽ አሳይቷል። የተለመደው ልኬት ከልብ ምት ጋር ብቻ ስለሚናበብ አማካይ ሲወሰድ ትንፋሹ ይጠፋል። ለአንገት ፍጥነት ይህ ብዙ ላይጎዳ ይችላል፤ ለመድኃኒት ግን ይጎዳል።

መረጃው

ሞዴል የቱንም ያህል ቢያምር የሚበላው የምታጎርሱትን ነው። የኤምአርአይ ባለሙያውን ሁለት ነገር ጠይቁት። ለፍጥነት የተሞላው ጣሪያ ስንት ነው? ለዚህ ፈሳሽ ብዙ ጊዜ በሰከንድ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይሞላል። እውነተኛው ፍጥነት ከጣሪያው ካለፈ ምስሉ ተገልብጦ ወደ ታች የሚሄደውን ወደ ላይ ያሳያል። ሁለተኛ፣ የቆመ ሥጋ ላይ ፍጥነቱ ዜሮ ይነበባል?

ዜሮ ካልሆነ ምን ይመጣል? በአንድ ምት የወረደውንና የወጣውን ስትደምሩ 0.1 ሚሊ ሊትር ተረፈ እንበል። ኢምንት ይመስላል። በደቂቃ 70 ምት፣ በቀን 1,440 ደቂቃ፣ ስታባዙት በቀን 10 ሊትር ሆነ። ገላችን በቀን የሚያመነጨው ፈሳሽ በጠቅላላ ግማሽ ሊትር አካባቢ ነው። ይህን ሳታስተካክሉ መድኃኒት ብታሰሉ የምትከተሉት የማሽኑን ስህተት ነው። ማስተካከያው ቀላል ነው፤ ከፍሰት ኩርባው ላይ አማካዩን ቀንሱ። ግን መደረጉን አረጋግጡ።

ሶፍትዌር

አሁን ወደዚያ እንምጣ። ቅርጹን ከምስል ለማውጣት 3ዲ ስላይሰር ወይም አይቲኬ-ስናፕ ይበቃል፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ሜሽ ለመሥራት ጂሜሽ አለ። ለግትርና ለታዘዘ ግድግዳ ኦፕንፎም ነፃም ጠንካራም ነው፤ መጀመሪያ ላይ ያስለቅሳል፣ ከለመዳችሁት በኋላ ግን የሚደበቅባችሁ ነገር የለም። አንሲስ ፍሉየንትና ስታር-ሲሲኤም ፈቃዱ ተቋማችሁ ውስጥ ካለ ጊዜ ይቆጥባሉ። ራሳችሁ የጻፋችሁትን ኢኩዌሽን ወይም ፖሮኢላስቲክ መፍታት ከፈለጋችሁ ፌኒክስ ነው። ኮምሶል ለጀማሪ ምቹ ነው፤ ትልልቅ 3ዲ ሜሽ ላይ ግን ሜሞሪ ይጨርሳል። ሁለት ሶፍትዌር ለማጣመር ፕሪሳይስ የሚባል ነፃ ላይብረሪ አለ።

አንድ ወርና አንድ ላፕቶፕ ብቻ ቢሰጠኝ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት በሁለት ከረጢት ሞዴልና የፍሰት ኩርባውን በማጽዳት እጨርሰዋለሁ። የቀረውን አንገት ላይ ብቻ፣ በግትር ግድግዳ፣ ያለ ነርቭ ሥር እሠራለሁ። ሜሹን ሁለት ጊዜ አደቅቀዋለሁ፣ የመጀመሪያዎቹን ምቶች እጥላለሁ።

የኪያሪ ታካሚን ከቀዶ ሕክምና በፊትና በኋላ የምታወዳድሩ ከሆነ ደግሞ ይህን ልጨምር። በሁለቱ ቀኖች የልብ ምቱ አንድ ላይሆን ይችላል፣ በአንገት የሚያልፈው ፍሰትም እንዲሁ። ስለዚህ ሁለቱንም ቅርጾች መጀመሪያ በአንድ ዓይነት ፍሰት አስኪዱ፤ የሚታየው ልዩነት የቅርጹ ነው። ቀጥሎ እያንዳንዱን በራሱ ቀን በተለካው ፍሰት አስኪዱ። ሜሹ በሁለቱም በኩል እኩል የደቀቀ ይሁን። ሁለቱንም ውጤት ለቀዶ ሐኪሙ አብራችሁ አሳዩት።